አርባ አንድ ቆጥሮ መንቀል

ለቡ መብራት ኃይል ባለችው ሱቃችን የምትሠሩት ልጆች «እትዬ ዘነቡ፣ ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደገባሽ ጻፊልን» ካላችሁኝ ሰነበተ። ነገ ዛሬ እያልኩ ቆየሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ምስር እየለቀምኩ፣ ከደብተራቸው ላይ ነው። ስለዚህ ወሬዬ ዞር ዞር ካለባችሁ ታገሱኝ። አንዱን ነገር ግን ሳልዞር ልንገራችሁ፤ ይሄ ታሪክ ዛሬም ያናድደኛል።

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት ለጽዳት ነው። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ በአንድ በኩል ልብስ ሰፊ፣ በሌላ በኩል ወፍጮ ቤት ያለው ጥገና ሱቅ ነበር። ሪሲቨር ይጠገናል፣ ቦክስም ይጠገናል። ቦክስ የምለው ያቺን ከቴሌቪዥን ጋር የምትገጠመውን፣ ፊልምም መዝሙርም የምታጫውተውን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነው። የወፍጮው ዱቄት በበሩ ስንጥቅ እየገባ ቦርዶቹ ላይ ያርፋል። እኔም የተቀጠርኩት በዱቄቱ ምክንያት ነው።

የሱቁ ባለቤት ሰለሞን ይባላል፤ ሰው ሁሉ ግን «ኢንጂነር» ነው የሚለው። ዲግሪውን ያየ የለም፣ ኢንጂነር ያላለውም የለም። በመጀመሪያው ቀን ጠራኝና «እትዬ፣ ወለሉን እንደፈለግሽ አድርጊው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግን በዓይንሽም እንዳትነኪው» አለኝ።

በዓይኔ ነካሁት።

ዋናው ባለሙያ ኑረዲን ነበር። ከወራቤ የመጣ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር ሰው ነው። ካውያውን ሲያግል፣ ቴስተሩን ሲያስነካ፣ የሚያደርገውን ለራሱ ይናገራል። እኔም እየጠረግኩ እሰማለሁ። እንዲህ ሆኖ ነው የተማርኩት፤ ክፍያ የለው፣ ፈተና የለው።

አንድ ቀን አንድ ቦክስ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ መጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ የቦክሱ አርማ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይወጣል። ኢንጂነር «ቦርዱ ሄዷል» አለ። እኔ ከሥሩ ስጠርግ አዳፕተሩን ነካሁት፤ እንደ ተቀቀለ ድንች ይፋጃል። «ኑሬ፣ ይሄ ነገር አሞታል» አልኩት። ለካው። አምስት ቮልት መስጠት ሲገባው አራት እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሌላ አዳፕተር ሰካበት፣ ቦክሱ ተነሳ። ኑረዲን ከት ብሎ ሳቀና «እትዬ፣ መጥረጊያውን ወዲህ በይው፣ ካቻቢቴውን ያዢ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረዳት ጠጋኝ ሆንኩ። መጥረጊያውን ግን የወሰደልኝ ሰው የለም፤ ሁለቱንም ያዝኩ።

እኔ ሰዓት አላስርም። ደህና ቦክስ ለመነሳት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት የለካሁት በለመድኩት ነው። መብራቱ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይዞራል፣ አርማው ይመጣል፣ ከዚያ ዋናው ገጽ ይከፈታል። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ አርባ አንድ እግዚኦ አልጨርስም። ከጨረስኩ ቦክሱ ታሟል ማለት ነው።

ኑረዲን ይሄን ሲያይ መቀለጃ አደረገኝ። «በኔ መቁጠሪያ ሠላሳ ሦስት ነው እትዬ። ቦክሱ የማናችንን ሃይማኖት ይዞ ነው?»

«አንተ ቸኩለህ ስለምትጨርስ ነው የማይነሳልህ» አልኩት።

ከሁሉ በላይ የምፈራው የተጣበቀ ቦክስ ነው። አርማው ላይ እንደቆመ ሲቆይ ይግላል፤ ሲግል ውስጡ ይጎዳል። መብራታችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲሄድ ቀስ ብሎ፣ ሲመለስ እንደ ተቆጣ በሬ ነው። ስለዚህ ለደንበኛ ሁሉ እነግር ነበር፦ «አርባ አንድ ቁጠሩ። ካልተነሳ ከሶኬቱ ንቀሉና አምጡልኝ።» ሰው ወደደው። እግዚኦ የማይለውም አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጠረ። ብዙ ቦክስ ከመቃጠል ድኗል። ኋላ ኋላ ኢንጂነር ራሱ ለደንበኛ ሲናገረው እሰማለሁ፤ የእትዬ ነው ግን አይልም።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰው ቤት ሁሉ ለሞላው ለአንዱ ዓይነት ቦክስ አዲስ አፕዴት መጣ። በኢንተርኔት ራሱ ይወርድና «ልጫን ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሰውም እሺ ይላል። ሰኞ ሁለት ቦክስ መጣ። ማክሰኞ ሰባት። ረቡዕ ጠረጴዛው ሞልቶ ወለል ላይ መደርደር ጀመርን። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ መብራት በርቶ፣ አርማው ላይ ተቸንክሮ መቅረት።

አዳፕተር ለካን፤ አምስት ቮልት ሙሉ። ገመድ ቀየርን፤ ያው። ኑረዲን ጭንቅላቱን እያከከ «ሶፍትዌሩ መንገድ ላይ ቀርቷል። የሆነ ነገር አቋርጦታል» አለ።

«ምን ያቋርጠዋል?»

«መብራት ይሆናላ! ሌላ ምን አለ?»

ያን ሳምንት መብራት ሄዶ ነበር ወይ ብለን አንድ ደንበኛ እንኳ አልጠየቅንም።

መድኃኒቱን አግኝተን ነበር። ከቦክሱ ኋላ ክብ የገመድ ቀዳዳ አለች፤ እውስጧ የማትታይ ቁልፍ አለች። ስቴኪኒ ታስገቡና ቁልፏን ተጭናችሁ ይዛችሁ መብራት ትሰጡታላችሁ። የእንግሊዝኛ ዝርዝር ይመጣል። ኑረዲን አንድ ጊዜ አነበበልኝ፣ እኔ መስመሩን በቁጥር ያዝኩ። ሦስተኛው መስመር ውስጡ ያለውን የሰው ንብረት ሁሉ ጠርጎ ያጠፋና ያስነሳዋል። አራተኛው የሰውን ንብረት ሳይነካ ሶፍትዌሩን ከፍላሽ ላይ እንደገና ይጭናል። አራተኛው አድካሚ ነው፤ ለየሞዴሉ የራሱን ፋይል ፈልጎ ማምጣት ያስፈልጋል። ሦስተኛው አሁን ተጭናችሁ አሁን ያልቃል።

ኢንጂነር ግን ሦስተኛውንም አራተኛውንም አልፈለገም። አዳዲስ ቦክስ በካርቶን አስመጥቶ መደርደሪያውን ሞልቶት ነበር። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «አፕዴት የተደረገ ቦክስ ቦርዱ ስለሚቃጠል ለጥገና አንቀበልም።»

ውሸት! የተቃጠለ ቦርድ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል፣ ልብስ ላይ ያድራል። ከነዚያ ሁሉ ቦክሶች አንዱ እንኳ አልሸተተም። የሚከራከረውን ሰው ደግሞ «ነካክታችሁት ነው» እያለ ያሳፍረዋል። ትልልቅ ሰዎች ሰርቆ እንደተያዘ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ አይቻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ከሀና ማርያም መጣች። የቆየች ደንበኛዬ ናት። ቦክሱን በትራስ ልብስ ጠቅልላዋለች።

«እትዬ ዘነቡ፣ በሞቴ፣ የኔን አስቀድሚልኝ። የበየነ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው።»

ባሏ አቶ በየነ የሰፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። የተጣላ ያስታርቃሉ፤ ሰርግ ላይ ሲመርቁ ከድንኳኑ ውጭ ያለው ሰው ሳይቀር ዝም ይላል። ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ሴት ልጃቸው በስልኳ የቀረጸችውን ምርቃታቸውን ሁሉ ቦክሱ ላይ ጫነችላቸው፤ ስልኩ በኋላ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ሌላ ቦታ የለም። አቶ በየነ በየቀኑ ራሳቸውን አስከፍተው ያያሉ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት በየነ ሲመርቁ፣ ወንበሩ ላይ ያሉት በየነ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«አሜን በሉ የሚለው ጋ ሲደርስ» አለች አስካለ፣ «በቀደም 'አ' አለ። 'አ' ብቻ። ግን አለ።»

«እንዴት ሆኖ ቆመብሽ?» አልኳት።

«አፕዴቱን እሺ አልኩት። ጨለመ፣ ከዚያ አርማው መጣ። እንዳስተማርሽኝ ቁጭ ብዬ አርባ አንድ ቆጠርኩ። አልተነሳም፤ ነቀልኩት።»

«ጎበዝ» አልኳት።

ኢንጂነር ከወዲያ ሰማን። «እመቤቴ፣ ነካክታችሁት ነው እንጂ! ቦርዱ ሄዷል። አዲስ ይሻልዎታል።»

«ቦርዱ ከሄደ የባሌ ድምፅስ?»

«ከቦርዱ ጋር ነዋ!» አለ። እየሳቀ።

በስሙ ጠርቼው የማላውቀውን ሰው ያን ቀን ጠራሁት። «ሰለሞን፣ ከፍተህ አይተኸዋል?»

«ማየት አያስፈልገኝም።»

«እኔ በአራተኛው መስመር እሠራዋለሁ። ፋይሉን ኑረዲን መርካቶ ካለው ጓደኛው ያመጣል። እስከ ምሳ ስጠኝ።»

«እትዬ፣ እኔ የቀጠርኩሽ ለጽዳት ነው» አለኝ፤ ደንበኛ ሁሉ እየሰማ።

ኑረዲን ጃኬቱን አንስቶ ወደ መርካቶ ወጣ። ሱቁ በሰው ስለተጨናነቀ አስካለን ጎረቤት ልብስ ሰፊው ዘንድ አስቀመጥኳት። እሱ ደግሞ ወሬ ይወዳል፤ ቆም ብዬ አንድ ሁለት ነገር አወራሁ። መቆሜን ዛሬም አልረሳውም።

ስመለስ ሰለሞን፣ በሰው ፊት የሞገትኩት ቆጭቶት መሰለኝ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ስቴኪኒው በእጁ ነው፣ የአስካለ ቦክስ ፊቱ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሦስተኛው መስመር በርቷል።

«ተው!» አልኩ።

ተጫነው።

ቦክሱ ተነሳ። ቋንቋ ምረጡ የሚለው ንጹሕ ገጽ መጣ። ሰለሞን እጁን አጨብጭቦ «ይኸው! ሞተ አላችሁ ተነሳ። ምን ያስጮህሻል?» አለኝ። ሞተ ያለው ራሱ ነው!

አስካለ ጩኸቴን ሰምታ ሮጣ ገባች። የበራውን ስታይ እልል አለች። «ተነሳ! ተነሳ! በይ እትዬ፣ ክፈችልኝ፣ ምርቃቱን ክፈችልኝ።»

ሪሞቱን ያዝኩ። ቪዲዮ የሚለውን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ወጥቼ እንደገና ከፈትኩ። ባዶ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስከፍት አስካለ እጄን ያዘችኝና «ተይው» አለች።

እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት ነኝ፤ ልጆቼም ይመሰክራሉ። ያን ቀን ግን ወረቀቱን ከበሩ ገነጠልኩና በሰው ፊት ተናገርኩት። «ያልሞተውን ሞተ ትላለህ። ሳትጠይቅ ደግሞ የሰው ነፍስ ታጠፋለህ። ይህች ሴት ምን ነካካች? ያልኳትን ነው ያደረገችው! ያልኳትን!»

ካቻቢቴዬን ቀሚሴ ኪስ ከትቼ ወጣሁ። መጥረጊያውን እዚያው ተውኩለት። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ኑረዲን እያለከለከ መጣ፤ ፍላሹ በእጁ ነው። ፊቴን አየና ፍላሹን ኪሱ ከተተው።

አቶ በየነን አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል፣ ዜና ተከፍቷል። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። «አ» የምትለዋም ከዚያ ወዲያ አልተሰማችም። ሁለት ዓመት ቆይተው አረፉ።

እኔም ለቡ መጥቼ በአንድ ጠረጴዛ ጀመርኩ፤ የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ስለ ሰለሞን ያልነገርኩት ደንበኛ የለም። አርባ አንድ ቆጥሮ መንቀሉንም ማስተማሬን ቀጠልኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኑረዲን ሊጠይቀኝ መጣ። የራሱን ሱቅ ከፍቷል፣ ጢሙ ሸብቷል። ትንሽ ተሳሳቅን። ከዚያ «ያ ቦክስ ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

«እንዴት እረሳዋለሁ?»

«አንድ ሰው ሳያዘምነው የቆየውን ያንኑ ዓይነት አመጣልኝ። አፕዴቱን ጀመርኩና አርማው ላይ እንደቆመ ትቼው ጁምዓ ሄድኩ። ስመለስ ተነስቷል።»

«ማን አስነሳው?»

«ማንም። ሌላ አንድ ፈልጌ ደገምኩት፣ በሰዓት ያዝኩት።» እጁን እያየ ነው የሚያወራው። «ሃያ ስምንት ደቂቃ። ውስጥ ለውስጥ ያለውን ሁሉ እያደራጀ ነው እትዬ። ከዚያ በራሱ ይነሳል፤ ሰው ካልነቀለው።»

እሱ ከሄደ በኋላ የልጄን ሰዓት ተውሼ ተቀመጥኩ። ረጋ ብዬ ብል እንኳ አርባ አንድ እግዚኦ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

ያን አፕዴት የላከው ድርጅት «ታገሱ» የሚል አንድ ቃል ስክሪኑ ላይ አለመጻፉ ያናድደኛል። አንድ ቃል! ሰለሞንንም ይቅር አላልኩትም፤ ሦስተኛውን መስመር የተጫነው እሱ ነው። አስካለ ዘንድ ግን የሄድኩት ስለ እነሱ ልነግራት አልነበረም። ሁሉንም ሰማችኝና «ታዲያ ባልቆጥር ኖሮ?» አለችኝ። ይነሳ ነበር አልኳት። የቤቱን በር እስክወጣ ሸኘችኝ።

ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ትልቅ ሰዓት ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁኝ ነበር። ለዚህ ነው። አፕዴት የጀመረ ቦክስ አንድ ሰዓት ሳይሞላው አይነቀልም። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ደቂቃ ቆይተህ ነቀልከው?» ብላችሁ ነው። ያን ሳምንት ጠረጴዛውና ወለሉ ላይ የተደረደሩት ቦክሶች፣ የአቶ በየነም ጭምር፣ ሰው ሲነቅላቸው አልታመሙም ነበር። እየሠሩ ነበር።