አምስተኛው ዘፈን

የያዙኝ ደሴ ፒያሳ፣ ስልክ ላይ ዘፈን ከምጭንበት ሱቄ ነው። ዝናብ ስለነበር ወፍራም ጃኬት ለብሻለሁ። ኮምቦልቻ አውርደው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የድሮ መጋዘን ውስጥ ሲከቱኝ፣ በዚያ ሙቀት ጃኬቴ መጀመሪያ መሳቂያ አደረገኝ፣ ኋላ ትራስ ሆነኝ። መስኮት የሚባለው ከበሩ በላይ ያለች ቀዳዳ ናት። በተራ ከሥሯ እየቆምን እንተነፍስ ነበር።

ጥፋቴ “ወጣቱን የሚያነሳሳ ዘፈን ማሰራጨት” ነው ተባለ። ሳቄ መጣ። እድሜዬን ሙሉ ሰው ዘፈን እንዲሰማልኝ እየለመንኩ ኖሬ የሚሰማኝ ያጣሁ ሰው ነኝ። ደንበኛ ስልኩን ሰጥቶኝ በየሰርጉ የሚጮኸውን ጫንልኝ ይላል፤ እኔ ደግሞ መሃል ላይ ማንም ያላስተዋለውን አንድ ሁለት ሸጎጥ አደርግለታለሁ። አልበም ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው ለገበያ ነው። ዘፋኙ የልቡን የሚናገረው ወደ መጨረሻው፣ ሰው ሰልችቶት ካጠፋው በኋላ ነው። ይህን ስል ሚስቴ እንኳ ታዛጋለች።

እዚያ ግን አድማጭ አገኘሁ፤ መሄጃ የሌለው አድማጭ። ድምፄ ስለማያምር አልዘፍንም፣ አወራላቸዋለሁ። አብሮን ለታሰረ አንድ አስተማሪ፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ጊታሩ ሁሉን ተናግሮ የሚጨርስበትን አንድ የድሮ ዘፈን መረጥኩለት። ለአንድ ሾፌር ደግሞ ቤዝ ጊታሩ ብቻውን የሚሄድበትን፣ ረጅም መንገድ ላይ የሚሰማ። ሲፈቱ ፈልገው እንዲሰሙ አስምያቸዋለሁ። አጠገቤ የሚተኙት የቢስቲማ ገበሬ፣ ሼሁ የምንላቸው፣ የሙስበሃቸውን ፍሬ እየቆጠሩ ያዳምጣሉ። “እኔ ዘፈን አልሰማም፤ ወሬው ግን ይጥማል” ይሉኛል። እሳቸውን ያሰሯቸው የሚፈለገውን ልጃቸውን አምጡ ብለው ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ከሱቄ የወሰደውን አንድ ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ከፈተ።

“አምስተኛው የማን ነው?”

ገና ጊታሩ ሲጀምር አወቅሁት። ከመያዜ ሁለት ቀን በፊት አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ያመጣልኝ ነው። ከፈረቃ ሲመለስ ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ የቀዳቸው ስድስት ዘፈኖች ናቸው። አምስተኛው ከሥራ ቦታ ተወስዶ ስላልተመለሰ ጓደኛው ነው። በግጥሙ የጓደኛው እናት የሠራተኛ ሰርቪስ መቆሚያ ላይ ቆማ፣ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ ልጄን የት ተዋችሁት ትላለች። ለማን አስቀድሜ እንደማሰማው ሳስብ ነው የመጡብኝ። ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም ዘንድ አልነበረም።

“አላውቀውም” አልኩ።

“አንተ የማታውቀው ዘፋኝ አለ እንዴ? ስሙን ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። እምቢ ካልክ እዚሁ ነህ። እስከ ነገ አስብበት።”

ሚስቴ ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። አላፍርም፣ ስሙ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ክፍል ስመለስ ለሼሁ ነገርኳቸው። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ አልኳቸው።

“ሰውዬው ልጆች አሉት?”

“ሁለት።”

ሙስበሃውን አቆሙ። ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “እኔ ልጄ ያለበትን ሳላውቅ ቀርቼ መሰለህ እዚህ የተቀመጥኩት? ወላሂ፣ ደጃፉን አውቀዋለሁ። አብሽር ልጄ።”

በማግስቱም አላውቀውም አልኩ። ሁለት ወር ከግማሽ ቆየሁ። ሴት ልጄ ያለእኔ ተወለደች።

የተፈታሁ ቀን መርማሪው ቀበቶዬንና ስልኬን መለሰልኝ፤ ፍላሹን አስቀረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ለመዝገብ አይደለም፣ ለራሴ ነው። በየቀኑ እሰማዋለሁ። ማነው?” አለኝ። ዘፈን የገባው ሰው ፊት አውቃለሁ። በዚያ ሱቅ ስንት ዓመት የጠበቅሁት ፊት ነው። እሱ ላይ ማየቴ አንገበገበኝ። ቀበቶዬን አጥብቄ ታጠቅሁና ያንኑ መልስ ሰጥቼው ወጣሁ።

ከቤቴ ሰንብቼ ወደ ሠራተኛው ወረድኩ። እንደታሰርኩ ሰምቶ ጊታሩን ሸጧል፣ ዘፈኖቹን ከስልኩ አጥፍቷል። ደስታውን እጠብቅ ነበር፤ ዓይኔን እንኳ አላየኝም። “በአላህ ይሁንብህ፣ ስሜን ለማንም እንዳታነሳ” አለኝ። ማልኩለት። ዛሬም እዚያው ፋብሪካ ይሠራል፣ ልጆቹም አድገዋል። አይዘፍንም።

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ገራዶ በባጃጅ ስሄድ ያ ጊታር ከስፒከሩ ተነሳ። እናትየው ዛሬም አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ቆማለች። ወጣቱ ሾፌር ድምፁን ጨመረው።

“ይቺን መቼም አልሰሟትም ጋሼ። ማንም አያውቃትም። ልላክልዎ?”

“ከየት አገኘሃት?”

“ጓደኛዬ ሰጠኝ። እሱ ደግሞ ፖሊስ ዘመድ አለው፣ ከሱ ነው።”

ስልኬን አቀበልኩት። ላከልኝና በመስታወቱ አየኝ።

“ዘፋኙን የሚነግረኝ ግን አጣሁ። እርስዎ አያውቁትም?”

“አላውቀውም” አልኩት። መርማሪው ፊት ስለው ይህን ያህል አላመመኝም።