አስተርጓሚ የሚከለክለው ሰውዬ

በኢንዶኔዥያ፣ ሰማራንግ ከተማ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ መስኮት ላይ የሚቀመጠውን ሰውዬ ስሙን የሚያውቅ ተማሪ የለም። ባቲክ የሚባለውን የአገሩን ባለጥለት ሸሚዝ እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ የቅርንፉድ ሲጋራ ይሸታል፤ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ ጆሮዎቹን ሸፍኗቸዋል።

ተማሪዋ ላራስ መስማት ያቆመችው በስድስት ዓመቷ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመደብላት ለሦስተኛ ጊዜ ልታመለክት መጥታ ከንፈሩን እያየች ቆመች።

«አንቺማ ጥሩ አድርገሽ ትናገሪያለሽ» አላት። «ፊት ወንበር ቁጭ ብለሽ የመምህሩን አፍ መከተል ነው።»

«ባፓክ፣ መምህሩ እኮ ወደ ሰሌዳው ዞረው ነው የሚያስተምሩት። ዘንድሮ ከወደቅኩ እባረራለሁ» አለችው፣ በአገሩ ወግ «አባት» ብላ በአክብሮት እየጠራችው።

«ከጓደኛሽ ገልብጪያ። ልመና ልማድ ይሆንብሻል።»

ይህን ሁሉ ሲላት ዓይኑን ከአፏ ላይ አልነቀለም። ላራስ ይህን አፍ ላይ የሚተከል ዓይን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ድምጿን አጥፍታ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

«ባፓክ፣ እርስዎም አይሰሙም እንዴ?»

ሰውዬው ፊቱ አመድ መሰለ። ከኋላዋ የተሰለፉትን አንድ ባንድ ቃኘ። ከዚያ ጉሮሮው ሳይነቃነቅ፣ በከንፈሩ ብቻ መለሰላት።

«ሃያ ዓመት ማንም አላወቀብኝም። አንቺም ትለምጂዋለሽ።»

ማመልከቻዋ ላይ «አያስፈልጋትም» የሚለውን ማህተም አሳርፎ፣ ቀጣዩን ተማሪ በእጁ ጠራው።