ባዝራዋና የከተማው አህያ

ጉና ግርጌ ወዳለው የመምሬ ቤት በስድስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ በእግሬ ወጣሁ። በሦስተኛው ጉዞ ጉልበቴ ይንቋቋ ነበር።

ደብረ ታቦር ባለ ኮሌጅ የእንስሳት እርባታ አስተምራለሁ። መምሬ ያረጁ ቄስ ናቸው፤ ወደ ደብራቸው የሚያወጣው ዳገት ከብዷቸዋል። ያለቻቸው አንዲት ያረጀች ባዝራ ብቻ ናት። ከእሷ በቅሎ ለማግኘት ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙሲት ድረስ፣ ለበቅሎ ማስወለጃ ወደሚያገለግል አህያ ወሰዷት። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሲደርሱ ድራቷ፣ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ፣ አልፎ ይጠብቃቸዋል። «ዘንድሮ ካልያዘች አበቃ፤ ከዚህ በኋላ አትወልድም» አሉኝ።

እኔም አስረዳኋቸው። የመጀመሪያው የሆርሞን መርፌ ባዝራዋን ወደ ድራት ያመጣታል። ከቀናት በኋላ በእጄ ዳስሼ እንቁላሏ መብሰሉን አረጋግጥና ሁለተኛውን እወጋለሁ። ያኔ እንቁላሉ ሁለት ቀን ሳይሞላ ይወርዳል፤ አህያው መድረስ ያለበት ከዚያ በፊት ነው።

«አህያውን ለኔ ይተዉት መምሬ» አልኩ። መምሬ አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ሁለቱን መርፌዎች በየቀናቸው ወጋሁ። በስድስተኛው ቀን ከከተማ አሸዋ የሚጭን ጠንካራ ወንድ አህያ ከነባለቤቱ ይዤ ወጣሁ። ባዝራዋ ጭራዋን አንስታ ቆመች። አህያው ዞር ብሎም አላያት፤ የገብስ ገለባ ይበላ ጀመር። ረፋዱም አለፈ፣ ቀትርም አለፈ።

«ሙሽራ ነህ ብለው ቢያመጡት እሱ ድግሱ ላይ ነው!» አለች ለማየት የመጣች አንዲት ጎረቤት።

«የኔ አህያ ጨዋ ነው» አለ ባለቤቱ።

መምሬ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይህ አህያ ባዝራ ጠብቷል?»

«ኧረ አልጠባም። ለምን?»

«ለበቅሎ የሚሆን አህያ እንደተወለደ ከእናቱ ተለይቶ ባዝራ ጠብቶ ያድጋል። ያለዚያ ባዝራ አይቀርብም። የሐሙሲቱ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ምነው ቀድመው ሳይነግሩኝ?»

«የተማርሽ ነሽ ብዬ። መርፌው እሱንም የሚጠራው መስሎኝ።»

ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምስለው የባዝራዋን ማኅፀን ብቻ ነበር፤ አህያውን አንድም ቀን ስዬው አላውቅም። ቁልቁለቱን ስወርድ አህያው ከፊቴ ነበር፤ ከኔ ይልቅ እሱ ደስተኛ ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የፈተና ወረቀት ሳርም የኮሌጁ ዘበኛ ጠራኝ። መምሬ በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተዋል።

«የሐሙሲቱን አህያ አስመጥቼ ደጄ ላይ አሰርኩት» አሉ። «ባዝራዋም ያለ መርፌ ተመልሳ ድራት ገባች። አሁን ዳሺና ሁለተኛውን ውጊልኝ። ቀኑን አንቺ ታውቂያለሽ፤ አህያውን እኔ።»

መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዤ ተነሳሁ። ዳገቱ ላይ ሁለታችንም ደጋግመን አረፍን።

«ብትይዝ እንኳ» አሉ መምሬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «በቅሎዋ ተወልዳ እስክትጫን ድረስ እንዲሁ በእግራችን ነን።»