ጥለት የሌለው ኩታ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ በሚብስበት ወቅት ነው። በእኔ ችኮላ የአንዲት እናት የመጨረሻ ምኞት ሊበላሽ ስለነበር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ጥቂት ሰዎች ሆነን የአካባቢያችንን ታሪክና ቅርስ የምንሰበስብበት ትንሽ ማኅበር አለችን። ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤቱ እየዞርን የድሮ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የቤት ዕቃ እንለምናለን። የመጣውን መዝግቤ መግለጫ የምጽፈው እኔ ነኝ። እናቴ "አንቺ ገና ሳይነግሩሽ ገባኝ ትያለሽ" የምትለኝ ወዳ አይደለም።

አንድ ቀን አልማዝ የምትባል ሴት በፌስታል ነጭ ጨርቅ ይዛ መጣች። አንኮበር ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩትን አክስቷን ወደ ራሷ ቤት ስታመጣቸው ከሣጥናቸው ሥር አግኝታው ነው። "እንዲህ ደብቀው ያስቀመጡት የጥንት ቢሆን ነው" አለች። በእጅ የተፈተለ፣ ስስ፣ ረጅም ጨርቅ ነው። ጥለት የሚባል ነገር የለውም። እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት አይሆንልኝም፤ ወዲያው "ጥለት ከመለመዱ በፊት የአንኮበር ወይዛዝርት ይለብሱት የነበረ ኩታ" ብዬ ጻፍኩበት። አክስትየዋን እንጠይቅ ያለ ሰው አልነበረም።

ማኅበራችን ለሚያዘጋጀው ኤግዚቢሽን ፎቶ ስላስፈለገ ራሴ ተከናንቤው ቆምኩ። ፎቶ የሚያነሳልን ሰለሞን ደጋግሞ አነሳኝ። ሲያየው በሁሉም ላይ ዓይኔ ተከድኗል። "ኧረ አትተኚብኝ!" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አንዴም መክደኔን አላስታውስም። ብርዱ ደግሞ! ጨርቁን ካወለቅኩት በኋላም ከአጥንቴ አልወጣ አለ። የተሻለውን ፎቶ መርጠን ከጨርቁ ጎን ሰቀልነው።

ኤግዚቢሽኑ ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆነው አልማዝ አንዲት አጠር ያሉ አሮጊት ደግፋ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። አሮጊቷ አክስቷ እማማ ትርፌ ናቸው። ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ወደ ጨርቁ ሄዱና ዳሰሱት።

"ሰሞኑን በሕልሜ ተጋድሜ አያለሁ" አሉኝ። "ሰው ይመጣል፣ ያየኛል፣ አጠገቤ የተጻፈውን ያነባል፣ ይሄዳል። አንድ እንኳን የሚያለቅስልኝ የለም። ዛሬ ጠዋት ሣጥኔን ብከፍተው መገነዣዬ የለም።"

ለካ ሲሞቱ የሚገነዙበት ኖሯል! ጉልበት ሳላቸው በገዛ እጃቸው ፈትለው፣ አሸምነው፣ ጠበል አስረጭተው ያኖሩት ነው። አልማዝ "በማርያም፣ እስከ ዛሬ ጠዋት እዚህ እንዳለ ትንፍሽ አላልኩም!" እያለች ታለቅሳለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጨርቁን አወረድኩላቸው። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይውሰዱት" አልኩ። አልተቀበሉኝም። ዓይናቸው ፎቶው ላይ ነበር።

"አንቺ ነሽ የለበስሽው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲያ ያንቺ ነው። ፈጣሪዬ ፊት በሰው ልብስ አልቀርብም።" አልተቆጡም። አልማዝን አንዱን ጫፍ አናቴ ላይ አስይዘው እስከ እግሬ ለቀቁት፤ ልክክ አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለኔ ረዝሞብኝ ነበር። ሸማኔው ተሳስቶ ነው እል ነበር።"

ፀጉሬ ቆመ።

የንስሐ አባታቸው ጠበል ተረጭቶበት እንዲወስዱት ቢመክሯቸውም በጄ አላሉም። ፈትለው ሌላ እንዳያሠሩ ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሳይዘጋጅልኝ እሞታለሁ ብለው ምግብ እምቢ አሉ። ይህን የነገረችኝ አልማዝ ናት። ሴትየዋ እንዲያው ባዶ እጃቸውን ቢሄዱ ምን ይውጠኛል?

ጥጥ ገዛሁና የሰፈር እናቶችን ለመንኩ። እኔም እንዝርት ይዤ አልማዝ ቤት ተቀመጥኩ። የኔው ክር ይበጠሳል፣ ይቋጠራል። እማማ ትርፌ አልጋቸው ላይ ሆነው "ኧረ ይቺ ልጅ በዚህ አፈታተሏ እስከ ከርሞ ሳልሞት ታቆየኛለች!" እያሉ ሲስቁብኝ ምግብ መቅመስ ጀመሩ። ተሸምኖ ሲመጣ ራሳቸው አጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ብዙም አልቆዩ፤ በሰላም አረፉ።

ለቀብራቸው አንኮበር ሄድኩ። በአዲሱ፣ በልካቸው ተገንዘው ሲወርዱ አየሁ። ከዘመድ ብሼ አለቀስኩ፤ ይቺ ደግሞ ማናት ያለኝም አልጠፋም።

ዛሬ ማኅበራችን ባለቤቱን በአካል ሳያነጋግር ክር እንኳ አይቀበልም። ያን ጨርቅ ግን ማንም አልመዘግብም ስላለ እኔ ቤት ነው። አልለብሰው፣ ለሰው አልሰጠው፣ አልጥለው። መጀመሪያ ላይ ባየሁት ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር፤ አሁን ፍርሃቱ እየለቀቀኝ ነው፣ እፍረቱ ግን አለ። ዳግመኛ አልለካሁትም። የት እንዳስቀመጥኩት ግን ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ።