ከአንድ ተማሪ አንደኛ

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ እናቶች አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። የሚጠይቁኝ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ዓመቱ ፈተና፣ ለትምህርት ቢሮ ስለሚጻፈው ደብዳቤ ነው። እሱ ቀላል ነው፣ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በተራዬ፣ «ከልጅሽ ጋር የሚማር ሌላ ልጅስ አለ?» እላለሁ። ብቻዋን ናት ካሉኝ፣ «እንግዲያው ቁጭ በይና ስሚኝ» ብዬ ይህንን አወራለሁ።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ አሜሪካ፣ ቡርንስቪል የምትባል ከተማ፣ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤቷ ጠሩኝና፣ ክፍል ውስጥ ስለማታወራ አንድ ክፍል ወደ ታች ብትወርድ ይሻላል አሉኝ። ደሜ ፈላ። ልጄ እኮ ቤት ስትገባ አፏ አያርፍም። አዲስ አበባ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል አጭቄ አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ሴት፣ የራሴን አንዷን ያቅተኛል? በዚያው ሳምንት አስወጣኋት። አባቷ «እስቲ ቀስ በይ» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀስ ማለት አልፈጠረብኝም።

ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ጥቁር ሰሌዳ ገዝቼ ፍሪጁ አጠገብ ሰቀልኩ። ጠዋት የቤት ልብሴን ቀይሬ ወደ ኮሪደሩ እወጣና በሩን አንኳኩቼ እገባለሁ። እሷ ከወንበሯ ትነሳለች። «እንደምን አደሩ መምህር» ትላለች። ደብተር ገልጬ ስም እጠራለሁ፣ ስሟን እስከነአያቷ። «አቤት» ትላለች። ምልክት አደርግና ደብተሩን እዘጋለሁ። አሁን ሲወራ ያስቃል። ያኔ ግን ኮስተር ብዬ ነበር የማደርገው፣ ሌላ ማስተማር አላውቅማ።

ስም በምጠራበት ሰዓት ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ፓርኪንጉ ጋ ይቆማል። ልጆቹ እየተጋፉ ይገባሉ። ልጄ «አቤት» የምትለኝ መስኮቱን እያየች ነበር። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በግቢው ሰው የለም። አባቷ ፕሊማውዝ ከተማ ፋብሪካ ስለሚሠራ ማለዳ ወጥቶ ለእራት ነው የሚመጣው። እኔ የምሠራው ቅዳሜና እሁድ፣ አረጋውያን ቤት ነው። አምስቱን ቀን እሷና እኔ ብቻ ነን። ዕረፍት ስላት ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄዳ ትመለሳለች፣ ከማን ጋር ትጫወት? እኔም ማጠቢያው ጋ ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ። አገር ቤት በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብተን የማናማው ሰው አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ብቸኝነቱ የእሷ ብቻ አልነበረም።

ትምህርቱ ገብቷታል። ታነባለች፣ ክፍልፋይ ታሰላለች። ግን ወሬዋ ቀነሰ። እራት ላይ አባቷ ሲጠይቃት ትከሻዋን ትሰብቃለች። ዝም አለች ተብላ ያስወጣኋት ልጅ ቤትም ዝም አለች። እኔ ሆዬ ስንፍና መስሎኝ የቤት ሥራ ጨመርኩባት። የቤት ሥራ የሚሠራው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ የሚታረመውም እዚያው ነው።

የመንፈቁ መጨረሻ ላይ በካርቶን፣ በማስመሪያ አስምሬ ሪፖርት ካርድ ሠራሁላት። ውጤት፣ አማካይ፣ ጠባይ፣ ደረጃ። እኔ ባደግሁበት ደረጃ የሌለው ካርድ፣ ካርድ አይባልም። አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጥቼ አባቴ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። «ከ1 ተማሪ 1ኛ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ኬክ ገዛሁ፣ አባቷ አጨበጨበ።

ካርዱን ብዙ አየችው። «ሁለተኛ የወጣው ማነው?» አለች፣ በእንግሊዝኛ። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

«ማንም የለም፣ ብቻሽን ነሽ» አልኳት።

«እንዲያ ከሆነ መጨረሻም የወጣሁት እኔ ነኛ» አለችና ካርዱን ደፍታው ወደ ክፍሏ ገባች። ኬኩ ሳይቆረስ ቀረ።

ሰኞ ስም አልጠራሁም። መኪና ውስጥ አስገባኋትና ዩኒቨርሲቲ አቬኑ፣ በርበሬ ወደምገዛበት ሱቅ ድራይቭ አደረግሁ። ባለቤቷ ኤርትራዊት ሙስሊም ናት። አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኔ የጠራ ትናገራለች፣ ትግርኛው ብቻ ትንሽ ይሰማል። እሷም ልጇ አስም ስላለባት ያን ዓመት ቤት አስቀርታታለች። ልጅቷ የጤፍ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ ለወራት እያየሁ፣ ሰላም ብዬ አልፌያለሁ። ልጄ ወደ ኋላ ቀረች መባሉ አበሻ ጆሮ እንዲገባ አልፈለግሁም። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

«እህቴ፣ ልጅሽን ከልጄ ጋር ላስተምርልሽ?» አልኳት።

«ወላሂ እኔም ልጠይቅሽ ፈርቼ ነው» አለችኝ። «መምህር ነበረች ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ቸኩለሽ ነው የምትወጪው።»

ሻይ ሰጠችኝ። ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ምን ምን እንዳወራሁ አላስታውስም። ልጆቹ ከከረጢቶቹ ኋላ ሲንሾካሾኩ ግን ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን እነሱ ሱቅ፣ ሁለት ቀን እኛ ቤት፣ ዓርብ ላይብረሪ ሆነ። ስም ስጠራ «አቤት» ሁለት ጊዜ ይባላል። በዕረፍት ሰዓት ኮሪደሩን ቀወጡት፤ ጎረቤቴ መጥታ ተቆጣች። ይቅርታ ስጠይቃት ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ለዚህ ነው እናቶቹን ሰሌዳው ይቆይ፣ መጀመሪያ ሰው ፈልጉ የምላቸው። ለልጃችሁም፣ ለራሳችሁም። ማስተማሩን ትችሉታላችሁ።

ዓመቱ ሲያልቅ ሁለት ካርድ አሰመርኩ። የሱቋ ልጅ ስሌት ላይ እሳት ናት፤ ልጄን በሦስት ነጥብ በለጠቻት። ደረጃው ጋ ስደርስ አባቴ ትዝ አለኝና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ልተወው አልኩ። ከዚያ ጻፍኩት።

ልጄ ካርዱን ተቀብላኝ አነበበች። በሩ ሲከፈት ሰምታ ሮጠች፤ አባቷ ገና ጃኬቱን አላወለቀም። «አባዬ፣ ሁለተኛ ወጣሁ፣ ሁለተኛ እኮ ነኝ» እያለች ካርዱን አፍንጫው ሥር ታውለበልብ ጀመር፣ በአማርኛ። እሱ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይበል አይበል ግራ ገብቶት በእሷ አናት ላይ አሻግሮ አየኝ።

«በላት» አልኩት።