ሮቤን ያልሰጠሁ ቀን

አሁን ኮምፒውተር ላይ እንቆቅልሽ የሞላበት የጀብዱ ጨዋታ እጫወታለሁ፤ እንቆቅልሽ የለመድኩት ግን በደርግ ጊዜ፣ ሮቤ ከተማ፣ ከጎረቤታችን ከባለሱቁ አባባ ነው። መልሱ ሲያቅተኝ እንደ ደንቡ አገር እሰጣቸው ነበር። ጎሮንም ጊኒርንም ወሰዱ። «ጎባ ገብቼ ምን አጥቼ!» እያሉ ሲያላግጡብኝማ እበግን ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ሮቤ ብቻ ቀረችኝ።

«አገር ስጪኝ» አሉ።

«ሮቤንማ አልሰጥም! መሬት የመንግሥት ነው!»

ሰው ሰማን ብለው ደንግጠው ወደ በሩ አዩ፤ ማንም የለም። ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና «ወላሂ፣ ረታሽኝ!» ብለው አገሮቼን ሁሉ መለሱልኝ።

ዛሬ አባባ በሕይወት የሉም። ትናንት ጨዋታው ውስጥ እንቆቅልሹ አቅቶኝ አንድ በር አልከፈት ብሎኝ ስበግን ቆየሁና፣ ብቻዬን «አባባ፣ ሮቤን ይውሰዷት፤ ይገባዎታል» አልኩ።