ኪሳቸው ውስጥ የቆዩት ጎማዎች

ያሳደጉኝን አጎቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ የኮት ኪሳቸው ድምፅ ነው። በደርግ ጊዜ አብራሪ ልጃቸው ወደ ሰሜን ከመዝመቱ በፊት፣ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ተዋጊ ጄት አመጣላቸው። አጎቴ ጊንጆ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ አጣብቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሳሎን ጣሪያ ላይ በክር አንጠለጠሉት። የጎማዎቹን ቦታ ግን ደፈኑት፤ ጎማዎቹንም በክብሪት ቀፎ አድርገው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጋሼ፣ ለምን አይገጥሙለትም?» አልኳቸው።

«ልጄ ሰማይ ላይ እያለ ጎማ ምን ይሠራለታል?»

ከዚያ ወዲህ ሬዲዮኑ ስለ ጦርነቱ ባወራ ቁጥር እጃቸው ኪሳቸው ይገባል፤ ቀፎው ይንሿሿል። የቡ ከተማ ወዳለው የቡና መፈልፈያ ለሥራ ሲሄዱም ይዘውት ነው።

ልጃቸው በደህና የተመለሰ ቀን፣ አቅፈውት አልቅሰው ሲያበቁ ጄቱን አወረዱት። የደፈኑትን በምላጭ ከፍተው ጎማዎቹን ገጠሙና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ጣሪያው ላይ ክሩ ብቻ ቀረ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከአጎቴ ቀብር መልስ ያንን አሮጌ ኮት ሳጣጥፍ ቀፎው እጄ ገባ። ልጃቸው፣ አሁን ሽበታም ሰው፣ አጠገቤ ቆሟል። ፈራ ተባ እያልኩ ቀፎውን ነቀነቅኩት።

ምንም ድምፅ የለውም፤ ባዶ ነው። ሰማይ ላይ የቀረ የለም።

«ተመስገን» አልን ሁለታችንም።